ከአበልጄ ጋር የተሻማናት ፀሐይ

ይህን ታሪክ ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ፤ ግን ሁልጊዜ ግማሹን ብቻ ነው። ጫጩቶቼን በፀሐይ እንዴት እንዳሞቅኳቸው እነግራለሁ፣ ሰውም ይስቃል፣ "አንቺማ መሐንዲስ መሆን ነበረብሽ" ይለኛል፣ እኔም እዚያ ላይ ቆርጬ ወሬ እቀይራለሁ። የቀረውን ግማሽ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ እሱን ልጽፈው ነው የተቀመጥኩት።

ነገሩ የሆነው የልደታ ኮንዶሚኒየም ከመሠራቱ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ መብራት በፈረቃ በሆነበት ጊዜ ነው። የምኖረው ከልደታ ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ሦስት አባወራ በአንድ ጠባብ ግቢ በታጨቀበት የቀበሌ ቤት ነበር። ባል አግብቼ ፈትቻለሁ፤ ልጅ አልወለድኩም። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ የልብስ ንጽህና ቤት አጣቢ ሆኜ ሠርቼ፣ ማሽን ሲገባ አሰናበቱኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ የማላውቀውን ፊደል ባለሱቁን፣ ታክሲ የሚጠብቀውን፣ ያገኘሁትን ሁሉ እየጠየቅኩ።

ግድግዳ የምትጋራኝ ጎረቤቴ አስካለ ነበረች። አስካለ አበልጄ ናት። የመጨረሻ ልጇን ማርታን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። እኔ ልጅ የለኝም፣ እሷ እህት የላትም፤ ስለዚህ እንዴት እንደነበርን ለመንገር ብዙ ቃል አያስፈልገኝም። እሷ ቤት ጨው ሲያልቅ ከእኔ ቤት ሳትጠይቅ ትወስዳለች፤ እኔም እንደዚያው። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ማርታን ትምህርት ቤት ስናስመዘግባት አስካለ በአውራ ጣቷ ማተም አፍራ ስታለቅስ አይቼ፣ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ስሟን መጻፍ አስተምሬያት ነበር። ሁለት ወር ፈጀብን። "ለ"ን ስትጽፍ አንድ እግሩን እስከ ታችኛው መስመር ትጎትተዋለች፤ ብላት ብላት አልታረም አለች። "ተይው፣ ይሄ የኔ ምልክት ይሁን" ብላ ስቃ ነበር።

ከሥራ ስወጣ የሰጡኝን ይዤ ዶሮ ልጀምር አሰብኩ። የመጀመሪያዎቹን ጫጩቶች በአምፖል አሞቃለሁ ብዬ ፈረቃው ቀደመኝ። መብራቱ ሲሄድ ከሰል አቀጣጥዬ አስገባሁላቸው፤ የከሰሉ ጢስ አፍኖ ጨረሳቸው። ጫጩት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እናቱ ክንፏን የምትዘረጋለት ያለ ምክንያት አይደለም። ላባ እስኪያወጣ ድረስ ሦስት ሳምንት ያህል የራሱ ሙቀት የለውም፤ ሲበርደው አንዱ በአንዱ ላይ ይከመርና ከታች ያለው ታፍኖ፣ ከላይ ያለው ደግሞ በርዶት ይሞታል።

መላውን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። ከአብነት ጋራዦች ያመጣሁት፣ የተቃጠለ ዘይት ያጠቆረው ጀሪካን ነበረኝ። ውሃ ሞልቼ ግድግዳ ሥር ረስቼው፣ አሥር ሰዓት ላይ እጄን ብነክርበት ልብስ የሚታጠብበት ሙቅ ውሃ ሆኗል። አሥራ አንድ ዓመት ሙቅ ውሃ ውስጥ የኖረ እጅ ነው ያለኝ፤ ሙቀትን ይለያል። ወዲያው ይህ ውሃ ጫጩት ያሞቃል አልኩ። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ አንድ ቢሮ ሲታደስ የተነቀሉ አሮጌ መስኮቶች ለምኜ አመጣሁ። ከጣውላ ረጅም ሣጥን አሠራሁ፣ ውስጡን በሰጋቱራ ጠቀጠቅኩት፣ ስምንት ጀሪካን ጥቁር ቀለም ቀብቼ ደረደርኩበት፣ ከላይ መስታወቱን ገጠምኩበት። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ውሎ አሥር ሰዓት ላይ ጀሪካኖቹ በእጅ አይያዙም። በማዳበሪያ ጠቅልዬ ጫጩቶቹ መሀል አስቀምጣቸውና ከላይ ብርድ ልብስ እዘረጋለሁ። ጫጩቶቹ እናታቸውን እንዳገኙ ጀሪካኑን ተደግፈው ያድራሉ። በሠላሳ ጫጩት ሞከርኩት። አንዷ ብቻ ሞተች። ከዚያ የተረፉትን ሸጬ፣ በቀረኝ ገንዘብ ሁሉ መቶ ሃያ ጫጩት አመጣሁ። እነዚህ ካልወጡልኝ ሌላ ዙር የምጀምርበት ምንም አልነበረኝም።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። በግቢያችን ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ የምታርፍበት ግድግዳ አንድ ብቻ ነው። እዚያ ግድግዳ ሥር ሰሌን ዘርግታ በርበሬ የምታሰጣው አስካለ ነበረች። በርበሬ እያዘጋጀች መሸጥ ነው እንጀራዋ። ሣጥኑን ሳሠራ ጠይቄያታለሁ። "አስኩዬ፣ እዚህ ባስቀምጠው ይከፋሻል?" አልኳት።

"ኧረ ምንም አይደል" አለችኝ። "ቦታው የሁላችንም አይደል እንዴ?"

በማግስቱ ሰሌኗን ወደ ግቢው በር አዞረችው። እዚያ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ መጥታ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ትሄዳለች። አየሁት። አላየሁም አልልም። ግን "ምንም አይደል" ብላኛለች፤ እኔም ቃሏን ይዤ አረፍኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ነው፣ ታኅሣሥ። ጫጩቶቹ ከመጡ አራተኛ ቀናቸው ነው። አምስት ሰዓት ገደማ አንድ ሰው በር አንኳክቶ ገባና ከቀበሌ እንደመጣ ነገረኝ። ጎልማሳ ነው፣ ረጋ ያለ። ሣጥኑን ዞሮ ዞሮ አየው፤ መስታወቱ ላይ እጁን ሲያሳርፍ አቃጥሎት መለሰና ፈገግ አለ። ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀኝ። ማንም አልኩት። ጎበዝ ነዎት አለኝና፣ ከዚያ ፊቱን ቅጭም አድርጎ፣ በዚህ ነገር ላይ የተፈረመ አቤቱታ እንደቀረበ ነገረኝ። መስታወቱ የጭቃውን ግድግዳ አግሎ ቤት ያቃጥላል፣ ነጸብራቁም ሰው ያውካል ተብሏል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዲነሳ ታዟል። ቅሬታ ካለኝ ግን ከስድስት ሰዓት በፊት ከግቢው አንድ ምስክር ይዤ ቢሮው ልመጣ እችላለሁ።

ማን እንዳመለከተ ለመጠየቅ እንኳ አልደከምኩም። ሦስተኛው ጎረቤታችን አቶ ደምሴ ናቸዋ። የጡረታ ሰው ናቸው፤ ድሮ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፣ አሁን ፍርድ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው ለሰው አቤቱታ ይጽፋሉ። የመስታወትሽ ብርሃን በበሬ ገብቶ ዓይኔን ወጋኝ ብለው ሁለት ጊዜ ተናግረውኛል።

ምስክር ሲለኝ ደግሞ ማን ወደ አእምሮዬ እንደመጣ ትገምታላችሁ። ሮጥኩ ወደ አስካለ። በሯ ላይ ተቀምጣ ዛላ በርበሬ ትቀነጥሳለች። የሆነውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። ቀና ብላ አላየችኝም።

"ማን ይሆን?" አለች።

"ማን ይሆናል፣ ያ ሽማግሌ ነው እንጂ! ነይ ተነሽ። ማንንም እንዳላስቸገርኩ አንቺው ንገሪልኝ። አንቺ ከተናገርሽ ያልቃል።"

የያዘችው በርበሬ እጇ ላይ ቀረ። ከዚያ እጄን ልታጠብ ብላ ተነሳች። ብዙ ታጠበች። በርበሬው አቃጥሏት መሰለኝ። ነጠላዋን ለበሰች፣ አውልቃ ሌላ ለበሰች። እኔ በሩ ላይ ሆኜ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው እያልኩ እጣደፋለሁ።

መንገዱ አሥር ደቂቃ አይሞላም። እኔ ነኝ የማወራው። አቶ ደምሴን እንዴት እንደማሳፍራቸው፣ ለሰው ማመልከቻ ሲጽፉ "ተጠሪዋ" እያሉ አፋቸው ለምዶ ጎረቤታቸውን ሁሉ ተጠሪ እንዳደረጉት እያወራሁ አስቃታለሁ። አስካለም ሳቀች። በሚሳቅበት ቦታ ሁሉ ሳቀች። አደባባዩ ጋ አንድ ሚኒባስ ጥግ ይዞ ሲመጣ ክንዴን ይዛ ጎትታ አዳነችኝ። "ቀስ በይ፣ ምን ያስሮጥሻል?" አለችና ከትከሻዬ የወረደውን ነጠላ አስተካከለችልኝ።

ቢሮው በር ስንደርስ "እኔ እዚህ ልጠብቅሽ?" አለችኝ።

"ምስክሬ አይደለሽ እንዴ? ግቢ እንጂ!"

ገባች።

ሰውየው ማህደሩን ከፈተ። አቤቱታው በታይፕ የተመታ ነው፤ ቋንቋው የአቶ ደምሴ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። ሊያነብልኝ ሲል፣ ማንበብ እችላለሁ፣ ይስጡኝ አልኩት። ኩራቴ ነው። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ከታች አራት ፊርማ አለ። የመጀመሪያው የአቶ ደምሴ። ሁለቱ ከአጥር ጀርባ ያሉ ጎረቤቶች ናቸው። አራተኛው ፊርማ አይደለም፤ ስም ነው። ፊደል በፊደል፣ ጥርስ ተነክሶ የተጻፈ። የመጨረሻው ፊደል እግሩ ወደ ታች ተጎትቷል።

ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ ታውቃላችሁ? አንድም ሰከንድ እሷን አልጠረጠርኩም። ዞር ብዬ "አስኩዬ፣ ጉድሽን እይ፣ ስምሽን አስመስለው ጽፈውብሻል!" አልኳት። ለሰውየውም ይሄ ወንጀል ነው አልኩት፣ ይቺ ሴት የኔ አበልጅ ናት፣ ልጇን ክርስትና አንስቻለሁ፣ ስሟን ሰርቀው ነው አልኩት። እንዲመዘግብልኝም ጠየቅኩት። ጮክ ብዬ ስለተናገርኩ ከወዲያ ክፍል ሰው ብቅ ብሎ አየን።

ሰውየው እኔን ትቶ እሷን አያት።

"ወይዘሮ አስካለ እርስዎ ነዎት?"

"አዎ።"

"ይሄ የእርስዎ ፊርማ ነው?"

ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

"የኔ ነው።"

ወንበር አልነበረም። ግድግዳውን ተደገፍኩ። ሰውየው፣ እግዚአብሔር ይስጠው፣ ነገሩ የገባው ይመስላል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳን። ከአራቱ አንዱ ፊርማውን ቢያነሳ ጉዳዩ ወደ ሽምግልና ይመለሳል፤ እዚያ ደግሞ ሦስት ሳምንት መቆየቱ አይቀርም።

ሦስት ሳምንት! ጫጩቶቼ ላባ የሚያወጡባት ሦስት ሳምንት። ከዚያ በኋላ ሣጥኑን ቢያቃጥሉትም ግድ አልነበረኝም። ሁለታችንም አስካለን አየናት። እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ነው። አንድ እርምጃ ይርቃታል።

"ጥሩዬ" አለች፤ እኔን ነው፣ ጥሩወርቅ ነው ስሜ። "ለጋሽ ደምሴ ምን ብዬ እመልሳለሁ? ቤቴ ድረስ መጥተው ነው ያስፈረሙኝ። በትልቅ ሰው ፊት አንዴ ፈርሜ... ሰዎቹስ ምን ይሉኛል?"

"እኔስ? እኔ ምን እላለሁ?" አልኳት።

መሬት መሬት እያየች ቀረች። ሰውየው ትንሽ ጠበቀ፤ ከዚያ ማህደሩን ዘጋው።

ስንመለስ እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ነበርን። ግቢ ስደርስ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐይዋ ገና ጉልበቷን የምታወጣበት ሰዓት። እስከ ዘጠኝ ድረስ ምንም ሳልሠራ ሣጥኑ ጎን ተቀመጥኩ፤ የምትሰጠኝን ሙቀት ሁሉ ልቀበላት። ዘጠኝ ሲሆን መስታወቱን በራሴ እጅ አነሳሁ። ጀሪካኖቹን ነካኋቸው። ለብ ብለዋል፣ አልጋሉም። ታኅሣሥ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ እንቅልፍ ሳይወስዳችሁ ይቀዘቅዛል። በዚያ ላይ የዚያን ቀን ፈረቃው የእኛ ነው፤ መብራት የለም።

ስምንተኛውን ጀሪካን ተሸክሜ ስሄድ አስካለ ከኋላዬ ተናገረች። እንደዚያ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

"ሁለት ወር ፀሐዬን ወሰድሽብኝ። በርበሬዬ ሻገተ። ደንበኞቼ ሄዱ። አንድ ቀን እንዴት ሆንሽ ብለሽ ጠይቀሽኛል?"

"ጠይቄሻለሁ! ምንም አይደል አላልሽኝም?"

"ታዲያ ምን ልበል? ለአበልጄ እምቢ ልበላት?"

ጀሪካኑን አስቀመጥኩ። በበርበሬዋ እውነት ነበራት። ግን ፊት ለፊቴ ቆማ አንድ ቀን ብትጮህብኝ፣ ብትሰድበኝ፣ ሣጥኑን በእርግጫ ብትለው፣ በማግስቱ ከፀሐይዋ ግማሹን እሰጣት ነበር። ቀኑን እንከፋፈለው ነበር። እሷ ግን ለእኔ ዝም ብላ ለወረቀት ነገረችው። ያውም እኔ ባስተማርኳት ፊደል።

አስካለ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ቀስ ብላ የድግስ ጎላ ድስቷን ላውጣና እንጨት ላንድድ አለችኝ። ስምንቱንም ጀሪካን በአንድ ጊዜ የሚሞላ ሙቅ ውሃ ይወጣዋል። እስኪነጋ እያቀያየርን እናሞቃቸዋለን፣ ነገ ደግሞ ሌላ መላ እንፈልጋለን አለች። ይቻል ነበር። ያ ድስት ጫጩቶቼን ያተርፍ ነበር፤ ያን ጊዜም አውቀው ነበር።

"ምንም አይደል" አልኳት። "አያስፈልግም።"

ልክ እሷ ባለችኝ ድምፅ ነው ያልኩት። በሬን ዘጋሁ። በትንሿ የጋዝ ምድጃዬ አንዱን ጀሪካን ሳሞቅ ሌላው እየበረደብኝ፣ ጋዙ እስኪያልቅ ታገልኩ።

ጠዋት ብርድ ልብሱን ስገልጥ በአንድ ጥግ ተከምረው አገኘኋቸው። ድምፅ የሚያወጡት ጥቂት ናቸው። አንድ በአንድ እያነሳሁ ለየሁ፤ ከመቶ ሃያው ሃያ ስድስት ተርፈዋል። የቀሩትን በማዳበሪያ አድርጌ ስወጣ አስካለ በሯ ላይ ቆማለች። ማዳበሪያውን አየችው። እኔም እሷን አየኋት። ይሄኔ ነው ማልቀስ የነበረብኝ፤ እኔ ግን ያለቀስኩት ከሳምንት በኋላ፣ ማርታ ሮጣ መጥታ "እማዬ ክርስትና፣ ጫጩቶቹን ልያቸው?" ስትለኝ ነው።

ግድግዳውን እንዳትረሱብኝ። ሣጥኔ ከተነሳ በኋላ አስካለ ሰሌኗን ወደዚያ አልመለሰችም። አፍራ ነው፣ ወይም ሰው ምን ይለኛል ብላ። እኔም ምንም አላስቀመጥኩም። ያን በጋ ሙሉ ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ ባዶ ግድግዳ ስታሞቅ ከረመች። የገደለችን ያቺው "ሰው ምን ይለኛል" ናት። እሷን ለእኔ እምቢ እንዳትል አደረገቻት፣ ለአቶ ደምሴም እምቢ እንዳትል አደረገቻት። እኔን ደግሞ "አዎ፣ ድስትሽን አምጪ፣ እርጂኝ" እንዳልል።

ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠብኝ? አንድ ነገር ነው፣ ግን ትልቅ ነው። አሁን የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ ዶሮ ማርባት ለሚጀምሩ ሴቶች ጫጩት በሣጥኔ እንዴት እንደሚያሞቁ አሳያለሁ። ሣጥኑን የጋራ ግቢ ላይ ከማስቀመጤ በፊት ጎረቤት ሁሉ ቤት እሄዳለሁ። "ምንም አይደል" ሲሉኝ አልሄድም። በሩ ላይ እቆማለሁ። "እሺ፣ ምንም አይደል፤ ግን ምኑ ይከብድሻል?" እላለሁ። ይስቁብኛል፤ አንዳንዱም ነዝናዛ ይለኛል። ባለፈው አንዷ ሁለት ጊዜ ምንም አይደል ካለችኝ በኋላ በሦስተኛው፣ ልብስ የማሰጣበትን ቦታ ይዘሽብኛል ብላ ተቆጣችኝ። ደስታዬን አልችለውም ነበር። ስለዚህ እናንተም፣ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ የሰው ፊት እያያችሁ "ምንም አይደል" ስትሉ አንድ ጊዜ አስቡት። ሲባልላችሁም አትቀበሉት።

አስካለን ይቅር ብያት እንደሆነ የሚጠይቀኝ አለ። ሽማግሌ ገብቶ ተሳስመናል። ቤታችን ፈርሶ ዕጣ ወዲያና ወዲህ እስኪበትነን ድረስ በአንድ ግቢ ኖረናል፤ ሐዘን ሲገባባት ደርሻለሁ፣ ስታመም ጠይቃኛለች። ፊርማዋን ከልቤ ይቅር ብያለሁ። ፀሐይዋን መጀመሪያ የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ይቅር ማለት ያቃተኝ መንገዱን ነው። ያን አሥር ደቂቃ። ሁሉን እያወቀች ጎኔ ሆና መሄዷን፣ በቀልዴ መሳቋን፣ ከመኪና ማዳኗን። ስሟ የት እንዳለ እያወቀች ነጠላዬን አስተካክላልኛለች። ያቺ እጅ አፍቅራኝ ይሁን ፈርታኝ፣ ይኸው እስከዛሬ አላወቅኩም፤ እሷንም ጠይቄያት አላውቅም።